ለዳይሬክተሪ ሰርቨር የማይከዳው ዳታቤዝ የትኛው ነው?

ጥያቄው አዳማ ከሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ክፍል የመጣ ነው። ባጭሩ፦ ኦፕንኤልዳፕ 2.4 (አካውንቶችን በአንድ ቦታ ይዞ የመግቢያ ጥያቄ የሚመልስ ዳይሬክተሪ ሰርቨር) ከኡቡንቱ ሊኑክስ 14.04 ዘመን ጀምሮ እየተሻሻለ መጥቶ አሁን 20.04 ላይ ይሠራል፤ ከጀርባው ያለው ዳታቤዝ ኤችዲቢ ነው፤ የተማሪና የሠራተኛ አካውንቱ ወደ 6,000 ይጠጋል፤ ዋይፋዩም የላብ መግቢያውም በእሱ በኩል ያልፋል። መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ይነሳ አይነሳ አይታወቅም፤ ሳይነሳ ሲቀር ሎጉ (የመልእክት መመዝገቢያው) ላይ «ሪከቨሪ (ማገገሚያ) ይካሄድ» የሚል ስህተት ይታያል። አንድ ባልደረባ «ማይኤስኪውኤል ውስጥ ከተን እንገላገል» ብለዋል። ወደ የትኛው እንሂድ?

ወደ ኤምዲቢ፣ ማለትም ወደ ኦፕንኤልዳፕ አዲሱ ማከማቻ። ለ6,000 መዝገብም ለ600,000 መዝገብም መልሱ ያው ነው፤ በኦፕንኤልዳፕ 2.5ና ከዚያ ወዲህ በወጡት ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን ሌላ የረባ ምርጫም የለም። ይሁን እንጂ ዳታቤዙን መቀየር ብቻውን ችግሩን በግማሽ ነው የሚያቃልለው። ቀሪው ዲስኩና መብራቱ ጋ ስላለ ምላሹ ረዘም ይላል። የትዕዛዝና የቅንብር ስሞችን እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ሲተይቡ ከማንዋል ገጻቸው ጋር ያስተያዩ።

ኤችዲቢም ሆነ ከእሱ በፊት የነበረው ቢዲቢ የቆሙት በርክሌይ ዲቢ የተባለው የዳታቤዝ ላይብረሪ ላይ ነው። በርክሌይ ዲቢ ለውጥን መጀመሪያ ሎግ ፋይል (የለውጦች ማስታወሻ) ላይ ይጽፋል፤ ዳታው ራሱ ግን ለጊዜው ሚሞሪ ላይ ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ቆይቶ በኋላ ነው ወደ ዲስክ የሚወርደው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሎጉና ዳታው ይለያያሉ፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ሎጉን አንብቦ ማስታረቅ አለበት። ሎጎቹ ሙሉ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። «ዲስኩ ሞላ» ብሎ አንድ ሰው በቁጥር የተሰየሙትን የሎግ ፋይሎች በእጁ ሰርዞ ከሆነ ግን ማስታረቂያው ራሱ የለም፤ እናንተ ያያችሁት ዓይነት ስህተት አንዱ መነሻው ይህ ነው። ዲቢ-ኮንፊግ የሚባለው ፋይል ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። የካሽ መጠን፣ የሎክ (የመቆለፊያ) ብዛት፣ የሎግ አሰራረዝ ሁሉ እዚያ በእጅ ይሞላል። የሎኩ ጣሪያ ዝቅ ካለ በምዝገባ ሰሞን ሰው ሲበዛ «ሎክ አለቀ» ብሎ ይቆማል፤ ካሹ ካነሰ ፍለጋው ይንቀራፈፋል። ሲስተም ሲሻሻል የላይብረሪው ቨርዥን ከተቀየረም የድሮውን ፋይል አልከፍትም ሊል ይችላል።

ይህን ማስታመም ከእንግዲህ ፋይዳ የለውም። ኦራክል እ.ኤ.አ. በ2013 የበርክሌይ ዲቢን የአጠቃቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) ቀይሯል። የኦፕንኤልዳፕ ዋና አርክቴክት ሃዋርድ ቹ የሠሩት ኤልኤምዲቢ የተባለው አዲስ ላይብረሪ በ2011 ከ2.4.27 ጋር ኤምዲቢ ሆኖ መጣ፤ በ2021 2.5 ሲወጣ ደግሞ ቢዲቢና ኤችዲቢ ከነጭራሹ ተነሱ። ለእናንተ ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው፦ ኡቡንቱ 22.04 የያዘው 2.5ን ነው። ኤችዲቢ ላይ እንዳላችሁ ከ20.04 ወደ 22.04 ከዘለላችሁ አዲሱ ስላፕዲ (የኦፕንኤልዳፕ ሰርቨር ፕሮግራም) የድሮውን ዳታቤዝ መክፈት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው 2.4 ላይ ወደ ኤምዲቢ ይዙሩ፤ ሲስተሙን ማሻሻል ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኤልኤምዲቢ የተለየ የሎግ ፋይል የለውም፤ ከብልሽት በኋላ የሚካሄድ ሪከቨሪ የሚባል ነገርም የለውም። መዝገብ ሲቀየር የቆየው ገጽ ላይ አይጽፍም፤ ለውጡን አዲስ ገጽ ላይ አስፍሮ፣ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጦ፣ በመጨረሻ «የዛሬው ዛፍ ሥሩ እዚህ ነው» የሚለውን የሜታ ገጽ ይለውጣል። ደብዳቤው ተጽፎ ሳያልቅ ማኅተም አይመታም እንደማለት ነው። የሜታ ገጾቹ ሁለት ናቸው፤ በየተራ ይጻፋሉ። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ያልተጠናቀቀው ለውጥ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ያለፈው እንዳለ ይገኛል። ካሽ የሚባል የሚስተካከል ነገርም የለም፤ ፋይሉ በቀጥታ ሚሞሪ ላይ ስለሚዘረጋ የሊኑክሱ የራሱ ካሽ ይበቃል። አንባቢ ጸሐፊን አያግድም፣ ጸሐፊም አንባቢን። በአንድ ጊዜ የሚጽፈው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚነበብና አልፎ አልፎ ለሚጻፍበት የመግቢያ ሰርቨር ይህ ጉዳት አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዲስኩ «ጽፌያለሁ» ሲል እውነቱን ከሆነ ነው። ርካሽ ኤስኤስዲና ተራ ሃርድ ዲስክ የራሳቸው የመጻፊያ ካሽ አላቸው። ያንን ካሽ በትእዛዙ መሠረት የማያወርድ ዲስክ የሜታ ገጹን ከዳታው አስቀድሞ ሊጽፍ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ የትኛውም ዳታቤዝ አያድናችሁም። ስለዚህ የመብራት መቋረጥ መከላከያ ያለው የሰርቨር ኤስኤስዲ ይግዙ። በጀቱ ካልፈቀደ የሳታ ዲስኩን የመጻፊያ ካሽ በኤችዲፓርም ትእዛዝ ያጥፉት፤ ሪስታርት ሲደረግ ተመልሶ ሊበራ ስለሚችል ቅንብሩን የኤችዲፓርም ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ያስገቡት። 6,000 አካውንት ባለበት ቤት የፍጥነቱ ልዩነት አይሰማም። የሬይድ ካርድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ) ካለ ባትሪው በሕይወት መኖሩን ይፈትሹ። ሰርቨሩ ቨርችዋል ማሽን ከሆነ የዲስኩ የካሽ ሁነታ በኪውኢሙ (ቨርችዋል ማሽኑን በሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይ «አንሴፍ» ተብሎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ እንዲያ ከሆነ የማውረድ ትእዛዝ ሁሉ ችላ ይባላል። «ነን» ወይም «ራይትስሩ» ያድርጉት። ፋይሉ የሚቀመጠው ውስጥ ባለ ዲስክ፣ በኢኤክስቲ4 ወይም በኤክስኤፍኤስ ላይ ነው፤ ኔትወርክ ላይ በተጋራ ኤንኤፍኤስ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ዲቢኖሲንክ የሚል ቅንብር ታገኛላችሁ፤ ኢንተርኔት ላይ «ፍጥነት ይጨምራል» እየተባለ ይመከራል። መጨመሩስ ይጨምራል፤ የሚጨምረው ዲስኩ ላይ መድረሱን ማረጋገጡን ትቶ ነው። የንፋስ ኃይል ማመንጫው ከከተማው አጠገብ እየዞረ መብራት የሚሄድበት ከተማ ላይ ይህን ቅንብር ማብራት ቁማር ነው። አይንኩት።

ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ) በተመለከተ፣ ከደቂቃው ብዛት ይልቅ ገመዱ ይበልጣል። ዩኤስቢ ገመዱ ከሰርቨሩ ጋር ካልተያያዘና ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የተባለው ፕሮግራም ካልተጫነ ዩፒኤሱ መጥፋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ ያድርጉ። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣ በሌለው የአዳማ ክፍል ውስጥ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አይጠብቁ። ባዮሱ ላይ «መብራት ሲመለስ ተነሳ» የሚለውን ደግሞ በጥድፊያ አያብሩ፤ መብራት መጥቶ ወዲያው የመሄድ አመል ስላለው ሰርቨሩ ባትሪ ሳይሞላ ተነስቶ በግማሹ ይወድቃል።

ስለ ማይኤስኪውኤል። ኦፕንኤልዳፕ ባክ-ኤስኪውኤል የሚባል ነገር አለው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው፦ አስቀድሞ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለን መረጃ በኤልዳፕ መልክ ለማሳየት ነው የተሠራው፤ ማንዋሉ ራሱም ለመደበኛ ዳይሬክተሪ ማከማቻ አይሁን ይላል። አንድ የመግቢያ ጥያቄ በኦዲቢሲ (የዳታቤዝ ማገናኛ) በኩል ወደ ብዙ የኤስኪውኤል ጥያቄ ይበተናል፤ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት ሰንጠረዥ ከሰንጠረዥ የሚያገናኝ ካርታ በእጅ ይጻፋል። በአንዱ ፈንታ ሁለት የሚበላሹ ሰርቨሮች ይኖሯችኋል ማለት ነው። የባልደረባዎ ሐሳብ መነሻው የሬጅስትራሩ መረጃ ማይኤስኪውኤል ውስጥ መኖሩ ከሆነ ግን ልክ ናቸው፤ መፍትሔው ሌሊት ሌሊት ከሬጅስትራር አዲስና የለቀቁ ተማሪዎችን አንብቦ ወደ ኤልዳፕ የሚያስገባ ስክሪፕት ነው።

አሁን ወደ ዝውውሩ። ስላፕዲን ያቁሙ። ስላፕካትን (ዳታቤዙን ወደ ጽሑፍ የሚያወጣውን ትእዛዝ) በ-ኤን 0 ለቅንብሩ፣ በ-ኤን 1 ለዳታው አስኪደው ሁለት የኤልዲፍ ፋይል (መዝገቦቹ በጽሑፍ መልክ) ያውጡ። በዳታው ፋይል ውስጥ በ«ዲኤን» (የመዝገቡ ሙሉ ስም) የሚጀምሩትን መስመሮች ቆጥረው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሁለቱንም ወደ ሌላ ማሽን ይቅዱ። ፋይሉን ከፍተው በአማርኛ ፊደል የተጻፉ ስሞች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ሆነው፣ ፊታቸው ላይ «::» ተደርድሮ ካዩ አይደንግጡ፤ ኤልዲፍ ከአስኪ ውጭ ያለውን ሁሉ በቤዝ64 ነው የሚጽፈው፤ ሲመለስ ፊደሉ እንዳለ ይመለሳል።

የቅንብሩን ፋይል ቅጂ ይክፈቱ። የሞጁሉ ስም ባክ-ኤችዲቢ የሚለው ባክ-ኤምዲቢ ይሁን። የዳታቤዙ ስም በዲኤኑም በውስጡም ካለው መስመር ከኤችዲቢ ወደ ኤምዲቢ ይለወጥ፤ የኦብጀክት ክላሱም እንዲሁ። ዴቢያንና ኡቡንቱ «ባክኤንድ» የሚል ሌላ አጭር መዝገብ ስላላቸው እሱንም አይርሱ። ከዚያ የበርክሌይ ዲቢ ጓዝ የሆኑትን ይሰርዙ፦ የዲቢ-ኮንፊግ መስመሮች፣ ካሽሳይዝ፣ አይዲኤል ካሽሳይዝ፣ ካሽፍሪ፣ ሼርድ ሚሞሪ ቁልፍ፣ ሊኒየር ኢንዴክስ። አንዷ ከቀረች ስላፕአድ (ፋይሉን መልሶ የሚያስገባው ትእዛዝ) የማያውቀው ቅንብር ነው ብሎ ይመልሳል።

ከመሰረዙ በላይ የሚረሳው የሚጨመረው ነው፦ ማክስሳይዝ። ኤምዲቢ ፋይሉ የሚያድግበትን ጣሪያ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል፤ ካልተነገረው ጣሪያው 10 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኡቡንቱ አዲስ ሲጫን 1 ጊጋባይት አድርጎ ያስቀምጥላችኋል፤ በእጅ ከኤችዲቢ ሲዞር ግን የሚያስቀምጥ የለም፤ ስለዚህ ማስገባቱ በመንገድ ላይ «ኤምዲቢ ማፕ ፉል» ብሎ ሊቆም ይችላል። 4294967296 ይጻፉ፤ 4 ጊጋባይት ነው። ጣሪያ እንጂ ከሚሞሪም ከዲስክም ወዲያው የሚወሰድ አይደለም፤ ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ መሰሰት ትርጉም የለውም። በኋላ ጣሪያው ቢሞላ መዝገብ እየሰረዙ ቦታ ለማስለቀቅ አይሞክሩ፤ ለመሰረዝም አዲስ ገጽ ስለሚያስፈልገው መሰረዙም እምቢ ይላል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

የድሮዎቹን የቅንብርና የዳታ ማህደሮች አይሰርዙ፣ ስማቸውን ለውጠው ያቆዩ። በቦታቸው ባዶ ማህደሮች ይፍጠሩ፣ ባለቤታቸው ኦፕንኤልዳፕ የተባለው ተጠቃሚ፣ ፈቃዳቸው 700 ይሁን። የዳታው ማህደር ከሌለ ቅንብሩም አይገባም። ኡቡንቱ ላይ ቦታውን ከተለመደው ቫር-ሊብ-ኤልዳፕ ውጭ ካደረጉት አፕአርመር (ፕሮግራሞች የሚደርሱበትን ፋይል የሚገድበው የኡቡንቱ ጥበቃ) ይከለክለዋል፤ ስህተቱ የፋይል ፈቃድ ስለሚመስል ሰው ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ሲቀይር ይውላል። ከዚያ ስላፕአድን በሱዶ በኦፕንኤልዳፕ ተጠቃሚ ስም ያስኪዱ፤ መጀመሪያ ኤን 0፣ ቀጥሎ ኤን 1 ከ-ኪው ጋር። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ካስኬዱት ፋይሎቹ የሩት ይሆኑና ስላፕዲ አይነሳም። የኤልዲፍ ፋይሉንም ያ ተጠቃሚ ማንበብ የሚችልበት ቦታ ያድርጉት። ኪው ፍተሻውን ቀንሶ ያፈጥነዋል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማህደሩን ባዶ አድርጎ እንደገና መጀመር ነው፣ ከቆመበት መቀጠል የለም። በኤልዳፕአድ (በሚሠራው ሰርቨር በኩል መዝገብ በሚጨምረው ትእዛዝ) ማስገባት ግን አይሆንም፤ የመዝገቦቹን መለያና የለውጥ ማህተም የሚጠብቀው ስላፕአድ ነው።

ስላፕቴስት ከመነሳቱ በፊት ቅንብሩን ይፈትሻል። ሲነሳ በስላፕካት አውጥተው ይቁጠሩ፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። በአንድ ተማሪና በአንድ መምህር አካውንት ዋይፋዩን ይሞክሩ። ወደ 22.04 ሲያልፉ አንድ ሌላ እንቅፋት ይጠብቃችኋል፦ የፒፖሊሲ (የይለፍ ቃል ደንብ) ስኪማ በ2.5 ሞጁሉ ውስጥ ስለገባ፣ የድሮው የስኪማ መዝገብ ከቅንብሩ ካልወጣ ስላፕዲ «ይህ ተደግሟል» ብሎ ይቆማል።

ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) ላይ ቁጥብ ይሁኑ። ኦብጀክት ክላስ፣ ዩአይዲ (የመግቢያ ስም)፣ ሜይል፣ ሜምበር፣ ኢንትሪ-ዩዩአይዲና ኢንትሪ-ሲኤስኤን በ«ኢኪው» (ሙሉ በሙሉ እኩል የሆነውን በሚፈልገው) ይበቃሉ። ሌላው የሚጨመረው ሎጉ ላይ «ኖት ኢንዴክስድ» የሚል መስመር ሲደጋገም ነው። በአዲሱ ቅንብር በኤልዳፕሞዲፋይ ሲጨመር ስላፕዲ እየሠራ ከጀርባ ይገነባዋል፤ በድሮው የስላፕዲ-ኮንፍ ጽሑፍ ፋይል ከሆነ አቁሞ ስላፕኢንዴክስ ማስኬድ ግድ ነው። ስሞችን በአማርኛ ፊደል የምታስቀምጡ ከሆነ በ«ሰብ» (የቃል ቁራጭ በሚፈልገው) ኢንዴክስ ብዙ አትጠብቁ። አንድ የፊደል ሆሄ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል፣ ኢንዴክሱ ደግሞ ስሙን በ4 በ4 ባይት ነው የሚቆራርጠው፤ ስለዚህ ከአንድ ሆሄ ብዙም የማይዘል ቁራጭ እየያዘ ፋይሉን ያሰፋል፣ ፍለጋውን ግን እምብዛም አያጠብም። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበም «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም። ፍለጋው በዩአይዲ ይሁን፤ በስም መፈለግ ግዴታ ከሆነ ሆሄያቱን ወደ አንድ ያመጣ ሁለተኛ መስክ ስክሪፕቱ ይሙላው።

«ሁሉም ተማሪዎች» የሚል 5,000 አባል ያለው ግሩፕ አላችሁ? በርካቶች አሏቸው። በኤምዲቢ መዝገብ እንደ አንድ ቁራጭ ስለሚጻፍ አንድ ተማሪ በተጨመረ ቁጥር 5,000ው መስመር እንደገና ይጻፋል፤ መስከረም ላይ ምዝገባው የሚከብደው በዚህ ነው። ግሩፑን ትቶ የተማሪው መዝገብ ላይ ዲፓርትመንትና ዓመት አስቀምጦ በማጣሪያ መጠየቅ ይሻላል። ግሩፑ የግድ ከሆነ ሶርትቫልስ በሚለው ቅንብር ሜምበርን ይጨምሩ፤ በ2.5 ደግሞ መልቲቫል ብዙ አባላትን ከመዝገቡ ለይቶ ያስቀምጣል።

የተመረቁት ሲሰረዙ የዳታ ፋይሉ አይቀንስም። የተለቀቁት ገጾች ለቀጣዩ ይውላሉ እንጂ ወደ ዲስኩ አይመለሱም፤ ብልሽት አይደለም። ኤምዲቢ-ስታት የተያዘውን ገጽ ያሳያችኋል፤ በ4096 ባይት ሲባዛ ከጣሪያው ምን ያህል እንደቀረ ይታወቃል። ፋይሉ ሳያቋርጥ ካደገ የተዘጋ የመሰለ ግን ያልተዘጋ አንባቢ ይኖራል፤ እሱንም ይኸው መሣሪያ በ-አር ያሳያል።

ባክአፑ የየሌሊት ስላፕካት ነው፤ የቅንብሩም የዳታውም። ስላፕዲ እየሠራ ይወጣል። እየሠራ ያለውን የዳታ ፋይል በተራ የሲፒ ትእዛዝ መቅዳት ግን ባክአፕ አይደለም፤ ፋይሉን ራሱን ከፈለጉ ኤምዲቢ-ኮፒ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲሆን ከፈለጉ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምር ፕሮግራም) ላይ የሚጻፈው 3 ነው፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ ከሆነ ደግሞ 0። በውስጡ የይለፍ ቃል ሃሽ ስላለ ፈቃዱ 600 ይሁንና ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ሕንጻ ይደር።

ሁለተኛ ሰርቨር ካቆማችሁ አንዱ ብቻ ይጻፍበት፣ ሌላው በሲንክሬፕል (በኦፕንኤልዳፕ ማመሳሰያ) ይከተል። ሁለቱም ላይ መጻፍ ለዚህ መጠን አያስፈልግም። ተከታዩ ሰርቨር ባክአፕ አይሆንም፤ በስህተት የተሰረዘው በሰከንዶች ውስጥ እዚያም ይሰረዛል። አንድ የመብራት ጣጣ እዚህ ጋ ይደበቃል፦ በአሮጌ ማሽን ላይ የእናት ቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ከሞተ ሰርቨሩ ከመብራት በኋላ በዓመታት ወደኋላ በሄደ ቀን ይነሳል። በዚያ ሰዓት የተጻፈ ለውጥ የቆየ ማህተም ስለሚይዝ ተከታዩ «ይህን አልፌዋለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ሁለቱ ሰርቨሮች ሳይታወቅ ይለያያሉ። ባትሪውን ይቀይሩ፤ ክሮኒ የተባለው ፕሮግራም ሰዓቱን ሳያስተካክል ስላፕዲ እንዳይነሳም ያድርጉ።

የላብ ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ ሆነው ዶሜይን መግቢያ የምትፈልጉ ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል። ያ የሳምባ (የዊንዶውስ ዶሜይንን በሊኑክስ የሚያቆም ፕሮግራም) አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሥራ ነው፤ ሳምባ የራሱን ማከማቻ ይዞ ይመጣል፣ ኦፕንኤልዳፕን ከሥሩ ማስገባት አይቻልም።

ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ፤ ባዶ ዳታቤዝ ላይ፣ ገና ማንም ሳይጠቀምበት። ከሌላ ማሽን ሆኖ ቁጥር ያላቸው የሙከራ መዝገቦችን አንድ በአንድ የሚጨምር፣ «ገባ» የሚል መልስ ሲያገኝ ብቻ ቁጥሩን ራሱ ጋ የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት ያስኪዱ። እየሄደ ሳለ የሰርቨሩን የመብራት ገመድ ከዩፒኤሱ ላይ ይንቀሉ። ሲነሳ በስክሪፕቱ የመጨረሻ ሆኖ የተጻፈው ቁጥር ዳታቤዙ ውስጥ መኖር አለበት። ጥቂት ጊዜ ይደጋግሙት። አንድ ቁጥር እንኳ ከጎደለ መጀመሪያ ዲቢኖሲንክ አለመብራቱን ይመልከቱ፤ ካልበራ የሚቀየረው ዲስኩ ነው።